ይፍቷት

«እንዲፈቷት ልለምንዎት ነው የመጣሁት፣ መምሬ» አለች መርዋ፣ የተሰጣትን በርጩማ ገና በወጉ ሳትደላደልበት።

መምሬ አዳነ መስቀላቸውን በእጃቸው እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ከጓዳ ሲንሿሿ የነበረው ወንፊትም ዝም አለ። መርዋ ዝምታው የማዳመጥ መሰላትና ገፋችበት። ሴትዮዋ ብዙ ዘመን ችላ እንደኖረች፣ ከእንግዲህ ግን በዚያ ቤት መኖሩ ለነፍሷም ለሥጋዋም እንደማይበጃት፣ መምሬ ራሳቸው በአንደበታቸው ከፈቷት ማንም ሊያማት እንደማይችል፣ ለእሳቸውም ቢሆን ጽድቅ እንጂ ኃጢአት እንደማይሆንባቸው አስረዳች። ከጎንደር አንሥቶ እስከ ድብ ባሕር ሚኒባስ ውስጥ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ያጠናችው ንግግር ነበርና ምንም አላስቀረችም። የረሳችው የሴትዮዋን ስም ብቻ ነው።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። የመምሬ ሚስት፣ እትዬ ወለተ ሚካኤል፣ እስከ ክርናቸው ዱቄት ለብሰው ብቅ አሉ።

«አዳነ» አሉ፣ መምሬ ማለቱን ለጊዜው ትተው፤ «ይህች ልጅ እኔን እንድትፈታኝ ነው የመጣችው?»

ቄስ ሚስቱን ከፈታ ከቅዳሴው እንደሚሰናበት ያገር ሕፃን ያውቃል። መርዋም ታውቃለች፤ ሙስሊም ብትሆንም አዲስ ዓለም ተወልዳ ያደገች የጎንደር ልጅ ናት፣ የጎረቤቶቿ ወግ አይጠፋትም። ምን ብላ እንደተናገረች የገባት ግን አሁን፣ የመምሬን ፊት አይታ ነው። ብድግ ስትል ቦርሳዋ ከጭኗ ወደቀ። እሳቸውን እንዳልሆነ፣ በአላህ እንዳልሆነ፣ የትነበርሽን እንደሆነ፣ መፍታቱም ከግዝቱ እንደሆነ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው።

«ይቅር በይኝ» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል ክንዳቸውን እያራገፉ። «እኔ ደግሞ ስንት ዘመን ቆይቶ ከጎንደር ድረስ ጠበቃ የተላከልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።»

መምሬን ሳቅ አመለጣቸው። የትነበርሽ የሚለው ስም ዘግይቶ ሲደርሳቸው ግን ሳቁ ከመካከሉ ተቆረጠ።

የመርዋ ሥራ እንዲህ ያለ ነገር አያጣውም። ጎንደር ውስጥ፣ በገዛ ቤታቸው ዱላ ለበዛባቸው ሴቶችና ለልጆቻቸው ምክርና መጠጊያ በሚሰጥ አንድ ቢሮ የድጋፍ አማካሪ ናት። የድጋፍ አማካሪ ማለት ምን እንደሆነ ሰፈሩ እስካሁን አልተስማማም። ግማሹ አስታራቂ ይላታል፣ ግማሹ አፋቺ። ላጤ ወንድም ያላቸው ደግሞ ከምታፋቻቸው መካከል አንዲት ሸጋ ሴት እንድታስቀርላቸው መንገድ ላይ ያስቆሟታል። የሰው ቤት ስታቃና የምትውለው ይህችው መርዋ፣ የራሷ ቤት በር ማጠፊያው ተገንጥሎ ረመዳን መጥቶ ረመዳን እስኪሄድ በገመድ ታስሮ ነው የሚያድረው። ጨርቅ ነጋዴው ባሏ ኸሊል ስለ በሩ በተነሣ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ «አማካሪዋ አንቺ፤ ምከሪው» ይላታል።

የትነበርሽ ወደ ቢሮው የመጣችው የግራ ክንዷ በጄሶ ተጠቅልሎ፣ ትንሿ ልጇ ጽጌሬዳ ቀሚሷን ጨምድዳ ይዛ ነው። ከሐኪም ቤት አንዲት ነርስ ናት እስቲ እነ መርዋ ጋ ጎራ በይ ብላ የላከቻት። ምን አገኘሽ ስትባል ከበቅሎ ወድቄ ነው አለች። በዚህ ሥራ በቅሎ፣ ደረጃና የበር መቃን ስማቸው ቶሎ ቶሎ ይነሣል፤ መርዋ ከእነሱ ጋር ክርክር አትገጥምም። ሻይ አቀረበችላት፣ ልጅቷን አጫወተች፣ የድብ ባሕር ገብስ ዘንድሮ እንዴት ነው ብላ ጠየቀች። ዋል አደር ብሎ የትነበርሽ የልጇን ፀጉር በአንድ እጇ እያበጠረች፣ ዐይኗን ከማበጠሪያው ሳታነሣ፣ እንዳልካቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ እጁ ይቀድመዋል እንጂ አለች። እንዳልካቸው ባሏ ነው። ከዚያ ወዲያ በሁለቱ መካከል የበቅሎ ነገር ተነሥቶ አያውቅም።

ሁሉ ነገር ተሰናዳ። ትክል ድንጋይ ያለው ወንድሟ አስማረ እህቴ ትምጣልኝ ብሎ ክፍል ለቀቀ። የቢሮው ኃላፊ ኤሌኒ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጣ ሕጉ ምን እንደሚላት ቀስ አድርጋ አስረዳቻት። የትነበርሽ አንገቷን እየነቀነቀች እስከ መጨረሻው አዳመጠችና፣ ሸጋ ሕግ ነው አለች፤ «ግን እኔ ተገዝቻለሁ።»

ኤሌኒ ጆሮዋ ያደረሰላት ሌላ ነው። ማን ገዛሽ፣ በስንት ገዛሽ ብላ ደንግጣ የሰው ሽያጭ የሚከለክለውን አንቀጽ ልታወጣ ስትል ነው መርዋ ገብታ፣ በገንዘብ አይደለም፤ በግዝት ነው ያለቻት። ሦስቱም ሳቁ። ሲስቁ የትነበርሽ ያለ ጄሶው እጇ አፏን ሸፈነች፤ ከፊት ጥርሷ አንዱ የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና እንዳልካቸው እንዲሁ እጁ ቀድሞት ሽማግሌ ተቀምጦ ነበር። የሁለቱም የነፍስ አባት መምሬ አዳነ ናቸውና አስታራቂውም እሳቸው ሆኑ። እርቁ እንዲጸናም በሽማግሌው ፊት ሁለቱንም ገዘቱ፤ እሱ ዳግመኛ እንዳይመታት፣ እሷም ዳግመኛ አኩርፋ ከቤቷ እንዳትወጣ። እሱ የራሱን አፈረሰ። እሷ የራሷን ይዛ ቀረች። ጎንደር የመጣችውም ለሕክምና እንጂ አኩርፋ አለመሆኑን፣ ክንዷ ሲሽር እንደምትመለስ፣ ለራሷም ለፈጣሪዋም እየማለች ነው የቆየችው። ጄሶው ደግሞ ትናንት ተነሣ።

መርዋ መጀመሪያ ላይ አበላሽታው ነበር። ግዝት እኮ ቃል ነው፣ ቃል አጥንት አይሰብርም አለቻት። የትነበርሽ ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከእግዜር ይመስገን በቀር አልተነፈሰችላትም። መርዋ ቤቷ ገብታ ነገሩን ስታወጣ ስታወርድ ራሷን ታዘበች። አባቷ ሊሞቱ ሲሉ ይህቺን ሱቅ ለባዕድ እንዳትሰጡ ስላሉ ብቻ፣ ኸሊል ያቺን ሁለት ሰው የማታስቀምጥ ጠባብ ሱቅ እስከ ዛሬ ታቅፎ ይኖራል፤ ያም እኮ ቃል ነው። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀቻትና፣ ታዲያ ማን ሊፈታሽ ይችላል አለቻት።

«ምነው፣ ያሰረኝ ነዋ» አለች የትነበርሽ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄም አለ እንዴ በሚል ድምፅ።

ሄጄ ልለምንልሽ ስትላት ደስ አላት፤ ግን ቃል አስገባቻት። መታት እንዳትይ አለቻት። ክንዷስ ምን ሆነ ካሉሽ ከበቅሎ ወደቀች በያቸው። መርዋ እሺ አለች። የሰው ምሥጢር የባለቤቱ ነው፤ ይህን የማያከብር አማካሪ ሌላ ሥራ ቢፈልግ ይሻለዋል። እንግዲህ ዛሬ መምሬ ከፈቱ የትነበርሽና ልጇ ነገ ወደ ትክል ድንጋይ ይሄዳሉ። ካልፈቱ ደግሞ፣ ልብሷን በነጠላ ቋጥራ በሩ ሥር አስቀምጣዋለች፤ ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ እንዳልካቸው ቤት ትመለሳለች፤ ለእሱም እንደምትመጣ መልእክት ልካለታለች።

መርዋ አሁን እዚህ በርጩማ ላይ፣ መፍትሔውን ይዛ ምክንያቱን ቆልፋ የተቀመጠችው እንዲህ ሆኖ ነው።

እትዬ ወለተ ሚካኤል እጃቸውን ታጥበው ብርዝ በብርጭቆ አመጡላት። ያልፈላ ነው፣ ማርና ውኃ ብቻ ነው፣ አትስጊ አሉ። መርዋ መረቀቻቸውና ጎንጨት አለች። መምሬ ያን ጊዜ ቀስ ብለው፣ ሳይቆጡ፣ እንደማይሆን ይነግሯት ጀመር። ግዝቱን ያሰሩት ለጭካኔ አይደለም። ሁለቱን ባንድ ገመድ የያዙት አንዱን ሲያዳልጠው ሌላው እንዲያስቀረው ብለው ነው። ስንቱን ትዳር በዚህች ምላስ ጠግነዋል፤ ከደብራቸው ሰው ፍርድ ቤት የሄደ የለም። ዛሬ ያለ ምክንያት አንዷን ቢፈቱ ያገር ባልና ሚስት ሁሉ ነገ በራቸው ላይ ይሰለፋል። ትዳር አፍርሱ እያልሽኝ ነው አሏት።

«ትዳሩን አይደለም፣ መምሬ» አለች መርዋ። «እግሯን ብቻ ይፍቱልኝ።»

«ምክንያቱን ንገሪኛ፣ ልጄ።»

መርዋ ብርጭቆውን አየች። ምክንያቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነው። አንዲት ቃል ብትወረውር ነገሩ እዚሁ ያልቃል፤ ሽማግሌው ሰው ደግ ናቸው፣ ፊታቸው ያስታውቃል። ነገር ግን ያቺ ቃል የእሷ አይደለችም።

«ክንዷ ተሰብሮ ነበር» አለች በመጨረሻ።

መምሬ ክንድ የሚባል ነገር አልሰሙም። እንዳልካቸው የነገራቸው ሆዷን አሟት ጎንደር ሄደች ብሎ ነው። በምን ተሰበረ አሉ።

«ከበቅሎ ወድቄ ነው ትላለች።»

«ከበቅሎ?»

«ከበቅሎ» አለች መርዋ።

ባልና ሚስቱ ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም እኩል ዞረው በተከፈተው በር ወደ ግቢው ተመለከቱ። ከግራሩ ሥር አንዲት ግራጫ በቅሎ ታስራ ዝንቧን በጆሮዋ ታባርራለች። መርዋ ስትገባ አጠገቧ አልፋለች፤ ንግግሯን እያጠናች ስለነበር ልብ አላለቻትም።

«በዚህ ደብር ከዚህች ሌላ በቅሎ የለም» አሉ እትዬ ወለተ ሚካኤል። «ጥላት ከሆነ የጣለቻት የእኛዋ ናት። ውጣና ጠይቃት እስቲ።»

መምሬ እውነትም ተነሥተው ወጡ። በቅሎዋ አጠገብ ቆመው አንገቷን ይዳብሱ ጀመር፤ ጀርባቸው ወደ ቤቱ ነው። ብዙ ቆዩ። መርዋ ምን እንዳጠፋች፣ ቃሏን ጠብቃ ይሁን አፍርሳ፣ ማወቅ አቃታት። እትዬ ወለተ ሚካኤል ወደ እሷ ጎንበስ ብለው፣ ተያቸው፣ እሳቸው ለቁም ነገር ሁልጊዜ በቅሎዋን ነው የሚያማክሩ አሏት።

መምሬ ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ሆኗል። የትነበርሽን በስልክ አገናኚኝ አሉ።

ስልኩ እሚሰማው አጥሩ ጥግ ነው አሉና ሦስቱም ወደዚያ ሄዱ። ኤሌኒ አነሣችና ለየትነበርሽ ሰጠቻት። መርዋ ድምፁን ከፍ አድርጋ በመዳፏ ያዘችላቸው። መምሬ በጤናዋ ጀመሩ፣ ጽጌሬዳን ጠየቁ፣ ስለ ጎንደር ብርድ ጠየቁ። ከዚያ፣

«የትነበርሽ፣ በቅሎዬ ትልቅ ጥፋት አጥፍታ ኖሯል» አሉ።

«ኧረ የርስዎዋ አይደለችም፣ አባቴ» አለች ፈጥና።

«ታዲያ የማን ናት?»

መርዋ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ገልብጣ አየችው፤ አልተቋረጠም። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው በአፍንጫው ትንፋሹን ሲስብ ይሰማል።

«ከነገርኩዎት ይወገዛል» አለ ድምፁ፣ እንደ ሹክሹክታ ዝቅ ብሎ። «ውግዝ ሆኖ ቢሞትብኝስ፣ አባቴ? የጽጌሬዳ አባት እኮ ነው።»

መርዋ ስንት ጊዜ ከዚህች ሴት ጋር ተቀምጣ ይህን አልሰማችም። የትነበርሽ ለራሷ የምትፈራ መስሏት ነበር። ያን ሁሉ ቀን በቅሎዋን ተሸክማ የዞረችው ግን ለመታት ሰው ነፍስ ኖሯል።

መምሬ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ስሚኝ፣ ልጄ» አሉ። «እሱን ያስወገዘው የገዛ እጁ ነው። ያንቺ አፍ አይደለም። ይህን በአንቺ ላይ መጫን የለብኝም ነበር።»

ይህን ብለው መስቀላቸውን አነሡ፤ አንሥተው ግን መልሰው አወረዱት። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አድርገው አያውቁም። መስቀል መሳለም አለ፣ ፊት ለፊት መቅረብ አለ፣ ሥርዓቱ እንዴት ይሆናል ብለው በራሳቸው ያጉተመትሙ ጀመር። እትዬ ወለተ ሚካኤል ትንሽ ታገሡና፣

«ግዝቱ እዚህ ታስሮ ጎንደር ድረስ ከያዛት፣ መፍታቱስ ለምን መንገድ ይቀራል?» አሉ።

መምሬ መስቀሉን ወደ ስልኩ ዘረጉ። መርዋ መካከል ገብታለች፤ ጎንበስ ትበል፣ ቀና ትበል፣ ስልኩን ከፍ ታድርግ፣ ዝቅ ታድርግ ጨነቃትና እንደ ሞላ ሲኒ በሁለት እጇ ይዛ ትንፋሿን ዋጠች። መምሬ ጸሎታቸውን አደረሱ። ሲጨርሱ፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉ። ከወዲያ በኩል አሜን የሚል አልተሰማም። የተሰማው የትነበርሽ የአንገቷን መስቀል ስትስም ነው፤ አንዴ፣ ደግማ፣ ከዚያም ልቅሶ። ይህን ልቅሶ መርዋ ታውቀዋለች። የሐዘን አይደለም፤ ሸክም ያወረደ ሰው ወገቡን ሲይዝ የሚያሰማው ዓይነት ነው።

መርዋ ደስታዋን አጣጥማ ሳትጨርስ ከአጥሩ ውጪ ቤቶች የሚል ድምፅ መጣ። ድብ ባሕር ትንሽ ናት። ሻሽ ያሰረች የጎንደር ሴት መምሬ ቤት ገባች የሚለው ወሬ ከሚኒባሱ እኩል ነው የደረሰው፤ እንዳልካቸው ነበር።

መርዋ ስልኩን ዘግታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን እስከ ጫፍ ሳበችው። የባለጉዳዮቿን ባሎች ብቻዋን አታገኝም፣ ሚስቶቻቸው ያሉበትንም ለማንም አትናገርም፤ ይህ ደንቧ ነው። እትዬ ወለተ ሚካኤል ምንም ሳይጠይቁ ክንዷን ይዘው ወደ ቤት አስገቧትና ወንፊቱን እጇ ላይ አኖሩላት። ንፊ አሏት። መርዋ ዱቄት ከነፋች ዘመን የላትም፤ ኸሊል የተነፋውን ነው ገዝቶ የሚያመጣው። ግማሹን ጉልበቷ ላይ አፈሰሰችው።

እንዳልካቸው ረጅም ሰው ነው፣ ጋቢው ንጹሕ፣ ድምፁ ለስላሳ። ሚስት የሚመቱ ሰዎች ሲገቡ በር የሚሰብሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ መርዋ ግን አብዛኞቹ እንዲህ እንደሆኑ ታውቃለች። መስቀል ተሳለመ፣ እትዬን በእርሻው በከብቱ ጠየቃቸው፣ ለእሷም አንገቱን ሰበር አድርጎ እንደምን ዋልሽ አላት። ተቀመጠና ለመምሬ ነገራቸው፤ ነገ መኪናው ማቆሚያ ሄዶ ሚስቱን እንደሚቀበላት፣ ቤቱ ያለ እሷ ቤት እንዳልሆነ፣ ከብቶቹ እንኳ ድምፅዋን እንደሚፈልጉ። ውሸት አይመስልም ነበር። ውሸትም አልነበረም።

«ክንዷም ሽሮላታል አሉ» አለ።

«ሆዷን ነው ያልከኝ» አሉ መምሬ።

የመርዋ ወንፊት ሳታስበው ቆመ፤ እትዬ ወለተ ሚካኤል በክርናቸው ነካ ሲያደርጓት እንደገና ጀመረች።

መምሬ አልጮኹበትም። በቅሎዋን እንደጠየቋት፣ የትነበርሽንም እንዳነጋገሯት፣ ከቤት እንዳትወጣ ያሰሯትን ግዝት ዛሬ እንደፈቱላት፣ ከእንግዲህ ብትመጣም ብትቀርም በእግዚአብሔርም በእሳቸውም ዘንድ ነፃ እንደሆነች አንድ በአንድ ነገሩት። የት ናት ሲላቸው አልጠየቅኋትም፣ አልጠይቃትምም አሉ። ወደ መርዋ ዞሮ አየ። መርዋ ነፋች። ነገ ጠዋት መኪናው ወደየት እንደሚሄድ የምታውቅ እሷ ናት፣ ይህን ከእሷ የሚያወጣ የለም።

እንዳልካቸው አቀረቀረ። ዐይኑ ቀልቷል። ሁለት መዳፎቹን እርስ በርስ ያሻቸዋል፤ ለሥራ የተፈጠሩ ትልልቅ መዳፎች ናቸው። በመጨረሻ ቀና አለ። ሲናገር ቂም የያዘ ሰው አይመስልም፤ ከድግስ የተረሳ ሰው ይመስላል።

«አባቴ፣ እኛ እኮ የታሰርን ባንድ ቀን ነው» አለ። «እሷን ከፈቱ እኔንም ይፍቱኝ እንጂ።»

መምሬ መስቀላቸውን ከጋቢያቸው ሥር አስገቡ።

«አንተን ያሰርኩህ እጅህን ነው» አሉ። «ምን ልትሠራበት ፈለግህ?»